የሰላይ መትረፊያ ህግና ያንተ መትረፊያ ህግ አንድ አይደሉም

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ለእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ በቅርቡ ጦርነት ያለበት አካባቢ ልሄድ ነው። ሰላዮች በጠላት ሀገር የሚተርፉባቸውን መርሆች፣ በተለይ የሞስኮ ህጎች የሚባሉትን አንብቤ በጣም ወድጃቸዋለሁ። ሰው እየተከተለኝ እንደሆነ ለማወቅ ድንገት መታጠፍ፣ ሌላ ስም መጠቀም፣ ሁለተኛ ስልክ መደበቅ የሚሉትን መለማመድ ጀምሬያለሁ፣ ቴኳንዶም ተመዝግቤያለሁ። እውነተኛ ሰላዮች የሚተርፉት በነዚህ ነው? እኔስ የትኞቹን ልውሰድ? ብያዝስ ምን ልበል?»

እዚህ ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ሰላይ እንዴት ይተርፋል አንድ ጥያቄ ነው፣ አንተ እንዴት ትተርፋለህ ሌላ ጥያቄ ነው። ሰላይ በህይወት የሚቆየው ማን እንደሆነ እስካልታወቀ ድረስ ነው፣ የእርዳታ ሰራተኛ ደግሞ በህይወት የሚቆየው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ ምን ሊሰራ እንደመጣ ሁሉም ሰው ሲያውቅ ነው። ስለዚህ ከዘረዘርካቸው ውስጥ አብዛኞቹ አንተን ከአደጋ አያወጡህም፣ እንደውም ይከቱሃል። ወደ እንደዚህ አይነት ቦታ የሚሄዱ ሰዎችን ስለማሰለጥን ይሄ ስህተት ሲደጋገም አያለሁ፣ ለዛ ነው ጠንከር አድርጌ የምናገረው። ግን መጀመሪያ የሰላዮቹን ነገር በደንብ እንየው፣ ምክንያቱም እሱም ራሱ አንተ እንደገባህ አይደለም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የሞስኮ ህጎች የአሜሪካው የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ማህተም አድርጎ ያወጣው መመሪያ አይደሉም። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሞስኮ የሰሩ ሰዎች እርስ በርስ ይባባሏቸው የነበሩ ነገሮች ናቸው፣ ዋሽንግተን ያለው የስለላ ሙዚየምም ዝርዝራቸውን አሳይቷል። ምንም ነገር እንዲህ ነው ብለህ አትነሳ፣ የውስጥ ስሜትህን አትቃወም፣ ወደ ኋላ አትዙር፣ ከአካባቢው ጋር ተመሳሰል፣ ሁሌም ሌላ መውጫ ይኑርህ ምናምን ይላሉ። ከነሱ ውስጥ ግን ሰው አንብቦ የሚያልፈው አንድ አለ፣ የሚከታተሉህን ሰዎች አታበሳጭ የሚለው። ለኔ ትልቁ እሱ ነው። ያኔ የሶቪየቱ የስለላና የፀጥታ ድርጅት ኬጂቢ የኤምባሲ ሰራተኞችን ቀንም ማታም ይከታተል ነበር፣ አንድ ዲፕሎማት ድንገት ታጥፎ ቢሮጥ፣ በአንድ በር ገብቶ በሌላ ቢወጣ፣ ተከታዮቹ «አሃ ይሄ ሰውዬ ሰላይ ነው» ብለው ደመደሙ ማለት ነው፣ በማግስቱ አንድ መኪና የነበረው አራት ይሆናል። ስለዚህ እነዛ ሰዎች የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነበር። ወር ከወር አሰልቺ ይሆናሉ፣ ያው ሱቅ፣ ያው መናፈሻ፣ ያው ጓደኛ ቤት፣ ተከታዩ እስኪሰላች። ስራ ያለባቸው ቀን ደግሞ ለሰዓታት የሚፈጅ መንገድ ይሄዳሉ፣ እያንዳንዱ ማቆሚያ ለምን ብለው ቢጠየቁ መልስ ያለው፣ እና አንድ ፊት ወይ አንድ ታርጋ በማይገናኙ ቦታዎች ከደጋገሙ በቃ፣ ቀጠሮው ይሰረዛል፣ ወደ ቤት ይገባሉ። አንተ የተለማመድከው ድንገት መታጠፍ እንግዲህ እነሱ የሚሸሹት ነገር ነው።

ስለ ቴኳንዶውም አንድ ታሪክ ልንገርህ። ማርታ ፒተርሰን የምትባል የሲአይኤ ባልደረባ በ1975 ሞስኮ ተመደበች። ኬጂቢ ወጣት ሴት ተራ የቢሮ ሰራተኛ ናት ብሎ ስላሰበ አልተከታተላትም፣ እሷም ያን ግምት የሚያፈርስ ነገር ሳታደርግ ወደ ሁለት ዓመት ሰራች። በሐምሌ 1977 አንድ ድልድይ ላይ ዕቃ አስቀምጣ ልትሄድ ስትል ያዟት። ቴኳንዶ ታውቅ ስለነበር ተራገጠች፣ ጮኸችም፣ የጮኸችውም ምንጯ፣ ማለትም መረጃ የሚያቀብላት ሰው፣ በአካባቢው ካለ ሰምቶ እንዲያመልጥ ብላ ነው። ግን ብዙ ሰው ከቦ ሲይዝህ ቴኳንዶ ምን ያደርግልሃል? ያተረፋት የዲፕሎማት ያለመከሰስ መብቷ ነው፣ ጠይቀው ጠይቀው ለኤምባሲዋ መለሷትና ከሀገር ተባረረች። ምንጯ አሌክሳንደር ኦጎሮድኒክ ግን ቀድሞ ተይዞ፣ ሲይዙት ራሱ ጠይቆ ባስመጣው መርዝ ሞቷል። እሷ ህጉን በሙሉ ጠብቃ ነበር የሄደችው፣ የተያዘችው ነገሩ ሌላ ቦታ ተበላሽቶ ስለነበር ነው። አንድ ስራ ሁለት ሰው፣ አንዷ ከለላ አላት አንዱ የለውም፣ መጨረሻቸውም እንደዛው ነው። ማንኛውም የመትረፍ ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይሄ ሰው ምን ህጋዊ ከለላ አለው» የሚለውን ነው።

ሽፋን የሚባለውም ጥሩ ውሸት ማለት አይደለም። ጥሩ ሽፋን በእውነት የሚሰራ ስራ ነው። ሪቻርድ ሶርጌ ቶኪዮ ውስጥ ለሶቪየት ሲሰልል ጋዜጠኛ መስሎ ሳይሆን ጋዜጠኛ ሆኖ ነበር፣ ለታወቀ የጀርመን ጋዜጣ ይፅፋል፣ ፅሁፎቹም ይነበባሉ። የእስራኤሉ ሰላይ ኤሊ ኮኸን ደማስቆ ከመግባቱ በፊት በ1961 ቦነስ አይረስ ሄዶ ከስደተኛ ሶሪያውያን ጋር እንደ ነጋዴ ኖሯል፣ ወዳጅ አፍርቷል፣ ደማስቆ ሲገባ ብዙ የሚያውቁት ሰዎች ነበሩ። በጥር 1980 የሲአይኤው ቶኒ ሜንዴዝ ስድስት አሜሪካውያንን ፊልም ቀራጮች ናቸው ብሎ ከቴህራን ሲያወጣ ሆሊውድ ውስጥ እውነተኛ ቢሮ ከፍቶ ስልክ የሚያነሳ ሰው አስቀምጦ፣ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፣ ምክንያቱም ኤርፖርት ላይ አንድ ባለስልጣን ተጠራጥሮ አንዴ ቢደውል ሁሉም ያልቃል። ይሄ ሁሉ ዝግጅት ጀርባው ላይ መንግስት ላለው ሰው ነው። አንተ ለብቻህ የምትፈጥረው ሌላ ስም አንድ የስልክ ጥሪ አይችልም፣ ዛሬ ደግሞ መደወል እንኳን አያስፈልግም፣ ፌስቡክህን ማየት ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ብዙ ሰላዮችን ያስያዛቸው ፊት ለፊት የሰሩት ስህተት አይደለም፣ መልዕክት ማስተላለፍ ነው። መረጃ መሰብሰብ በአይንና በጆሮ ነው፣ ማንም አያይህም፣ ወደ ውጭ መላክ ሲመጣ ግን የሆነ ምልክት ትተህ ነው የምትሄደው። ኮኸን በጥር 1965 የተያዘው ቤቱ ሬዲዮ እያስተላለፈ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ያስተላልፍ ስለነበር ምልክቱ ከየት እንደሚወጣ ፈልገው ደረሱበት፣ በግንቦት 18 ደማስቆ አደባባይ ላይ ተሰቀለ። ለእንግሊዝ ትሰልል የነበረችው ኑር ኢናያት ካን በሰኔ 1943 ሬዲዮ ይዛ ጀርመን የያዘቻት ፓሪስ ገባች፣ በቀናት ውስጥ አብረዋት የሚሰሩት ሰዎች ተለቀሙ፣ ለንደን ተመለሺ ቢላት እምቢ ብላ ቀረች፣ በጥቅምት ስትያዝ ያስተላለፈቻቸውን መልዕክቶች የፃፈችበት ደብተር አብሮ ተገኘ፣ ጀርመኖቹም በሷ ሬዲዮ እሷን መስለው ወደ ለንደን መላክ ቻሉ። በመስከረም 1944 ዳካው ውስጥ ገደሏት። የዚች ልጅ ጀግንነት ሁሌም ልቤን ይነካኛል፣ ግን ለተማሪዎቼ የማስተምረው ደብተሩን ነው።

ሆላንድ ውስጥ የሆነው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ሁበርት ላውወርስ የሚባል ለእንግሊዝ የሚሰራ ሬዲዮ ኦፕሬተር በ1942 ተይዞ ጀርመኖቹ እንዲያስተላልፍ ሲያስገድዱት ከለንደን ጋር የተስማሙበትን ሚስጥራዊ ምልክት ሆን ብሎ አስቀረ፣ «ተይዣለሁ» ማለቱ ነው። ለንደን ያሉት አላስተዋሉም ወይ ቸል አሉት፣ ሰው መላካቸውን ቀጠሉ፣ ከ50 በላይ ሰዎች ከአውሮፕላን እየዘለሉ ቀጥታ ጀርመኖች እጅ ገቡ፣ አብዛኞቹም ተገደሉ። ልጁ የሚጠበቅበትን አድርጓል፣ ያጠፉት ቢሮ የተቀመጡት ናቸው። ስለዚህ መሬት ላይ ያለው ሰው ጎበዝ መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ እዛ ማዶ ያለው ሰውም የምር ማዳመጥ አለበት። ይሄን አንተም ያዘው፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ትንሽ የምትመስል ነገርም ከዓመታት በኋላ ትመጣለች። የምስራቅ ጀርመኑ ሰላይ ጉንተር ጊዮም የምዕራብ ጀርመን ቻንስለር ረዳት እስከመሆን ደርሶ በሚያዝያ 1974 ተያዘ፣ ቻንስለሩ ቪሊ ብራንትም በግንቦት ስልጣን ለቀቀ። ለመታወቁ ምክንያት ከሆኑት አንዱ በ1950ዎቹ አለቆቹ በሬዲዮ የላኩለት የእንኳን ደስ አለህ መልዕክት ነው፣ ልጅ ሲወለድለት ሳይቀር። ያኔ ተጠልፎ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ በኋላ ቀኖቹን ከቤተሰቡ ጋር ሲያመሳክሩ ገጠመ። ዛሬ እንደዛ አይነት ማመሳከር የሚሰራው ኮምፒውተር ነው። በየካቲት 2003 ሚላን ውስጥ አንድ ኢማም ከመንገድ ላይ ሲታፈን ያፈኑት የሲአይኤ ሰዎች ሞባይል ይጠቀሙ ነበር፣ የኢጣሊያ መርማሪዎች በዛ ሰዓት በዛ አካባቢ የነበሩ ስልኮችን አውጥተው ማን ከማን ጋር እንደተደዋወለ፣ የት ሆቴል እንዳደረ ደረሱበት፣ በ2009 ፍርድ ቤቱ 23 አሜሪካውያንን በሌሉበት ፈረደባቸው። በጥር 2010 ደግሞ ዱባይ ሆቴል ውስጥ አንድ የሃማስ ሰው ሲገደል ፖሊስ የካሜራ ምስሎችን ገጣጥሞ ገዳዮቹ ከኤርፖርት ሲገቡ እስኪወጡ ያደረጉትን ለዓለም አሳየ፣ የያዟቸው ፓስፖርቶች የሀሰት ነበሩ፣ ፊታቸው ግን የራሳቸው ነው። እነዚህ እንግዲህ መንግስት ጀርባቸው ያለ የሰለጠኑ ሰዎች ናቸው። የአንተ ሁለተኛ ስልክ ከመጀመሪያው ስልክህ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ፣ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ መንገድ ሲሄድ ሁለቱም ያንተ እንደሆኑ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ሌላው ገደብ ክህደት ነው። አዶልፍ ቶልካቼቭ የሚባለው የሶቪየት ኢንጂነር ለዓመታት እጅግ ተጠንቅቆ ለአሜሪካ ሰርቶ በ1985 ተያዘ፣ በ1986 ተገደለ። አሳልፎ የሰጠው ከሲአይኤ የተባረረ ኤድዋርድ ሊ ሃዋርድ የተባለ ሰው ነው፣ በዛው ዓመት ደግሞ አልድሪች ኤምስ እዛው ሲአይኤ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስሞችን ለኬጂቢ መሸጥ ጀመረ። ለእንዲህ አይነቱ መንገድ መቀያየር አይረዳም። ህጎቹ ጊዜ ይገዛሉ እንጂ ዋስትና አይሰጡም፣ ይሄን የማይነግርህ ሰው ካጋጠመህ ስልጠናውን አትውሰድ።

የተረፉትን ስታይ የሚያመሳስላቸው ነገር አስቀድሞ የተዘጋጀ መውጫና በሰዓቱ መውጣት ነው። ለእንግሊዝ ትሰልል የነበረችው ቨርጂኒያ ሆል አንድ እግሯ የእንጨት ነበር፣ በህዳር 1942 ጀርመኖች ወደ ደቡብ ፈረንሳይ መግባታቸውን ስትሰማ አንድ ቀን ልጨምር ሳትል ሊዮንን ለቃ ፒሬኒስ ተራራን በዛ እግር ተሻግራ ስፔን ገባች፣ በ1944 ደግሞ ፀጉሯን አሽብታ እንደ ገጠር አሮጊት ሆና ተመለሰች። ኦሌግ ጎርዲየቭስኪ የኬጂቢ ኮሎኔል ሆኖ ለእንግሊዝ ይሰራ ነበር፣ በግንቦት 1985 ከለንደን ወደ ሞስኮ ተጠርቶ በመድኃኒት አደንዝዘው መረመሩት፣ እሱ ግን ሰላይ ነኝ ብሎ አላመነም። ማምለጫው ግን ከዓመታት በፊት ተሰርቶ ነበር፣ በአንድ የታወቀ መንገድ ዳር የእንግሊዝ ሱፐርማርኬት ፌስታል ይዞ ይቆማል፣ መልዕክቱ እንደደረሰ ለማሳወቅ አንድ እንግሊዛዊ ቸኮላት እየበላ በአጠገቡ ያልፋል። በቃ ይሄው ነው። በሐምሌ በዲፕሎማት መኪና የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተኝቶ ወደ ፊንላንድ ሲሻገር፣ ውሾቹ እንዳያሸቱት የአንዱ ዲፕሎማት ሚስት የልጇን ዳይፐር እዛው መኪናው ላይ ቀየረች። እኔን የሚገርመኝ ግን ዳይፐሩ አይደለም። ሞስኮ ያለው የእንግሊዝ ኤምባሲ ሰዎች ያቺን ቦታ ለዓመታት በየሳምንቱ ሲያዩ መኖራቸው ነው፣ ሰውየው ሞስኮ በሌለበት ጊዜ ሳይቀር። ከሆላንዱ ጋር አስተያየው።

እንግዲህ ወደ አንተ። ሌላ ስም፣ የተደበቀ ስልክ፣ የተደበቀ ካሜራ፣ ተከታይን መፈተን፣ እነዚህን ዛሬውኑ ተዋቸው። ያሰለጠንኩት አንድ ልጅ ኬላ ላይ ካልሲው ውስጥ ስልክ ተገኝቶበት ቀኑን ሙሉ ታስሮ ዋለ፣ ስልኩ ውስጥ የነበረው የእናቱና የእህቶቹ ፎቶ ብቻ ነው፣ እንዳይወስዱበት ብሎ ነው የደበቀው። ወታደሩ ግን የሚያየው ፎቶውን ሳይሆን መደበቁን ነው። ደግሞ ጉዳቱ ባንተ ላይ ብቻ አያቆምም። ሲአይኤ በ2011 ቢን ላደንን ሲፈልግ አቦታባድ ውስጥ የጉበት በሽታ ክትባት ዘመቻን ሽፋን አድርጎ ተጠቅሟል፣ ከዛ በኋላ ፓኪስታን ውስጥ ከቤት ቤት እየዞሩ የፖሊዮ ክትባት የሚሰጡ ሰዎች ሰላይ ናችሁ እየተባሉ ተገደሉ፣ ምንም የማያውቁ ሴቶች። ዋይት ሃውስ በ2014 ሲአይኤ የክትባት ፕሮግራምን ለስለላ እንደማይጠቀም ማረጋገጫ ሰጠ፣ ግን ጥርጣሬው አንዴ ገብቷል። አንተ ሰላይ መስለህ ስትታይ ዋጋውን የሚከፍሉት ካንተ በኋላ የሚመጡትና እዛው የሚቀሩት የአካባቢው ባልደረቦችህ ናቸው።

መውሰድ ያለብህ ጥቂት ነው ግን ከልብህ ያዘው። የአካባቢው ሰላማዊ ቀን ምን እንደሚመስል እወቅ፣ ገበያው ስንት ሰዓት ይሞላል፣ ልጆች የት ይጫወታሉ፣ ምክንያቱም መንገዱ ድንገት ባዶ ሲሆን የሚነግርህ እሱ ነው። የውስጥ ስሜትህ ዛሬ አትሂድ ካለህ አትሂድ፣ አለቃህንም አሳምን። የምትወጣበትን ሰዓትና መንገድ ቀያይር፣ ግን ቢሮህ እያወቀ። የማያስፈልግህን መረጃ ይዘህ አትዙር፣ ስልክህ ውስጥ የወታደር፣ የኬላ፣ የድልድይ ፎቶ አይኑር፣ የፖለቲካ ግሩፖችን ከመሄድህ በፊት ውጣ። ሳተላይት ስልክ፣ ጂፒኤስ፣ ድሮን ብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ መያዝ ያሳስራል፣ ስለዚህ ድርጅቱ በፅሁፍ ፈቃድ ያውጣ። የሚከተልህ ሰው ያለ ከመሰለህ አትፈትነው፣ ሳትፈጥን ወደ ቢሮህ ወይ ሰው ወዳለበት ቦታ ሂድና ለፀጥታ ኃላፊው ተናገር። ኬላ ስትደርስ ቀስ በል፣ መስታወት አውርድ፣ የፀሐይ መነፅርህን አውልቅ፣ እጅህ ይታይ፣ ስልክ አትንካ።

ብትያዝ ምን ልበል ላልከው፣ እውነቱን። ስሜ ይሄ ነው፣ ድርጅቴ ይሄ ነው፣ ስራዬ ይሄ ነው፣ በትህትና፣ ባጭሩ፣ መቶ ጊዜ ቢጠይቁህ መቶ ጊዜ ያንኑ። ቮልፍጋንግ ሎትስ የሚባለው የእስራኤል ሰላይ እንኳን በ1965 ግብፅ ውስጥ ሲያዝ ነፍሱን ያተረፈው አብዛኛው እውነት የሆነ አንድ ታሪክ ይዞ ስለፀና ነው፣ ተወልዶ የነበረው ጀርመን ስለሆነ ጀርመን ነኝ አለ እስከመጨረሻው፣ በ1968 ተለቀቀ። አንተ ደግሞ መዋሸት የሚያስፈልግህ ነገር የለህም፣ ይሄ ትልቅ ሀብት ነው፣ በሀሰት ስም አታባክነው። ስለ ጦርነቱ ማን ትክክል እንደሆነ ቢጠይቁህ አስተያየት አትስጥ። የውጭ ዜጋ ከሆንክ ቆንስላህ እንዲነገረው መጠየቅ በ1963ቱ የቪየና ስምምነት አንቀፅ 36 መብትህ ነው፣ አንዴ በጨዋነት ጠይቅ፣ እምቢ ካሉህ ክርክር አታንሳ፣ ለማምለጥም አትሞክር፣ ሌላውን ስራ ድርጅትህ ይሰራል። ህግ ላይ ያለው ልዩነትም ትልቅ ነው፣ በ1907ቱ የሄግ የጦርነት ደንብ ሰላይ ማለት ለጠላት ወገን ለማስተላለፍ አስቦ ተደብቆ ወይ በሀሰት ምክንያት መረጃ የሚሰበስብ ነው፣ ያለ ፍርድ አይቀጣም ይላል እንጂ እንደ ጦር እስረኛ ይታይ አይልም። በሀሰት ስም ስትዞር ያንን ትርጉም በገዛ እጅህ ነው የምትቀርበው።

ምክሬ እንግዲህ ይሄ ነው። የቴኳንዶውን ጊዜ ለመጀመሪያ እርዳታ ስልጠና ስጠው፣ ደም ማቆም፣ የተጎዳ ሰው ማንሳት ተማር፣ ቀበቶህን እሰር፣ እዛ አካባቢ የመኪና አደጋም ከጥይቱ የማይተናነስ ስጋት ነው። ከመሄድህ በፊት አደገኛ አካባቢ ለሚሰሩ ሰዎች የሚሰጠውን የጥቂት ቀን የፀጥታ ስልጠና ድርጅቱ እንዲያስወስድህ ጠይቅ። ከዛ ሦስት ጥያቄ በፅሁፍ አቅርብላቸው፦ በየቀኑ ስንት ሰዓት ላይ ደህንነቴን ለማን አሳውቃለሁ፣ ባላሳውቅ በስንት ሰዓት ውስጥ ማን ምን ያደርጋል፣ መንገድ ቢዘጋ በየት በኩል በምን እወጣለሁ። የሚመልስልህን ሰው ስምና ስልክ ያዝ፣ ሳትሄድ በፊት አንድ ሌሊት ደውለህ ማንሳቱን አረጋግጥ። መልስ ከሌላቸው ወይ «እዛ ስትደርስ እናየዋለን» ካሉህ ኮንትራቱን አትፈርም።